የሃይማኖት ጥርጥርና የዘር አድልዎ በአሜሪካ የፕሬዚዳንት ምርጫ

ሰው ድምፁን ለመስጠት ወደ ምርጫው ሣጥን ሲቀርብ ብቻውን የቀረበ ይመስለዋል። መጋረጃው ተጋርዷል፤ ወረቀቱም ታጥፏል፤ የሚያየው ሰው የለም። ነገር ግን በዚያች ጠባብ ስፍራ ከእርሱ ጋራ ብዙዎች ይገባሉ። አባቱ በማታ እሳት ዳር የነገረው ወሬ፥ ጎረቤቱ የሚፈራው ፍርሃት፥ በልጅነቱም ከእነ እገሌ ጋራ እንጀራ እንዳይቈርስ የተከለከለው ክልከላ፥ ይህ ሁሉ አብሮት ገብቶ እጁን ይመራዋል። ስለዚህ የአንድ አገር ምርጫ የሚያስረዳው ማን እንደ ተሾመ ብቻ አይደለም፤ ሕዝቡ ማንን እንደሚፈራና ከሁለት ፍርሃቶችም የትኛው እንደሚበረታበት ጭምር ያስረዳል።

ነቢዩ ሳሙኤል እንኳ ንጉሥ ሊቀባ ወደ እሴይ ቤት በሄደ ጊዜ የበኵሩን የኤልያብን ቁመትና መልክ አይቶ ልቡ ወደ እርሱ አዘንብሎ ነበር። ነቢይ በመልክ ከተሳበ፥ ተራው መራጭ በሰው ቀለምና በሰው ጸሎት ቤት ቢያዝ ሊያስገርም አይገባም። የሚገባው ነገር ይህ መሳብ እንዴት እንደሚሠራ፥ መቼ እንደሚበረታ፥ መቼስ እንደሚሸነፍ መርምሮ ማወቅ ነው።

ለዚህ ምርመራ የአሜሪካ የተባበሩት መንግሥታት ታሪክ ሰፊ ምስክር ነው። ይልቁንም በ1928 እና በ1960 የተደረጉት ሁለቱ የፕሬዚዳንት ምርጫዎች ነገሩን አጉልተው ያሳያሉ፤ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሰው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። በሁለቱም ጊዜ ከተወዳዳሪዎቹ አንዱ ካቶሊክ ነበሩ። በሁለቱም ጊዜ የሃይማኖት ጥርጥርና የዘር አድልዎ በአንድ ሚዛን ላይ ወጥተው ተመዘኑ።

በ1787 በፊላዴልፊያ ከተማ ተሰብስበው ሕገ መንግሥቱን የጻፉት ሰዎች፥ ለማናቸውም የመንግሥት ሹመት የሃይማኖት ፈተና እንዳይደረግ በስድስተኛው አንቀጽ ከለከሉ። ይህም በዚያ ዘመን ለነበሩት የአውሮፓ መንግሥታት እንግዳ ነገር ነበር። ዳሩ ግን እነዚያው ሰዎች በዚያው ጽሑፍ ውስጥ አምስት ባሮች እንደ ሦስት ሰዎች ሆነው ተቈጥረው የጌቶቻቸው አገር በምክር ቤት የሚያገኘው የእንደራሴ ቍጥር እንዲበዛ ፈቀዱ። ፕሬዚዳንቱን የሚመርጡት ወኪል መራጮች ደግሞ በየክፍለ አገሩ ቍጥራቸው የእንደራሴዎቹንና የሁለቱን ሴናተሮች ቍጥር ያህል ስለ ሆነ፥ ድምፅ የሌለው ባርያ ለጌታው ድምፅ መጨመሪያ ሆነ። ከ1789 እስከ 1825 ባለው በ36 ዓመት ውስጥ 32ቱን ዓመት በፕሬዚዳንትነት የገዙት ባሮች የነበሯቸው የቪርጂኒያ ሰዎች ናቸው። የዚህ ነገር ምክንያቱ ያ ሕግ ብቻ ነው ባይባልም፥ ትልቅ ድጋፍ እንደ ሆናቸው አይካድም።

እንግዲህ ሕጉ ለሃይማኖት ጥርጥር በሩን ሲዘጋ ለዘር አድልዎ በሩን ከፈተ። ኋላ ከ1861 እስከ 1865 ድረስ በሰሜንና በደቡብ መካከል በተደረገው ጦርነት ብዙ ደም ከፈሰሰ በኋላ ባርነት ቀረ፤ በ1870 በጸደቀው በአሥራ አምስተኛው ማሻሻያም ማንም ዜጋ በዘሩ ወይም በቀለሙ ወይም ቀድሞ ባርያ በመሆኑ ድምፁን እንዳይከለከል ታዘዘ። የጥቁሮችም ልጆች በአብርሃም ሊንከን ምክንያት የሪፐብሊካን ወገን ሆኑ፤ የደቡብ ነጮች ደግሞ በዚያው ምክንያት የዴሞክራት ወገን ሆነው ጸኑ።

ነገር ግን በ1877 የፌዴራሉ ጭፍራ በደቡብ ያሉትን የመንግሥት ቤቶች መጠበቅ ከተወ በኋላ፥ የደቡብ ክፍለ አገሮች አሥራ አምስተኛውን ማሻሻያ ሳይነኩት ባዶ የሚያደርጉበትን ብልሃት ፈለጉ። በ1890 ሚሲሲፒ በአዲሱ ሕገ መንግሥቷ የራስ ግብር ያልከፈለና የሕጉን ቃል ማንበብ ወይም መተርጐም የማይችል ሰው እንዳይመርጥ ደነገገች። ፈታኙም ጸሐፊ ነጭ ነበረና፥ ለማን ቀላል፥ ለማን ከባድ ጥያቄ እንደሚያቀርብ የታወቀ ነው። በ1898 ደግሞ ሉዊዚያና ራሱ ወይም አባቱ ወይም አያቱ በ1867 መባቻ ድምፅ የነበረው ሰው ከዚህ ፈተና ነጻ ይሁን አለች። የባርያ የልጅ ልጅ በዚያ ቀን ድምፅ የነበረው አያት ከየት ያመጣል? በዚህ ዓይነት በ1896 በሉዊዚያና መዝገብ ተጽፈው የነበሩት 130,334 ጥቁር መራጮች በ1900 ወደ 5,320 ወረዱ። በሕጉ ውስጥ «ጥቁር» የሚል ቃል አንድ ጊዜ እንኳ አልተጻፈም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እንዲህ ያለውን የአያት አንቀጽ የሻረው በ1915 ነው፤ የቀሩት ብልሃቶች ግን ከዚያ በኋላ ብዙ ዘመን ቈዩ።

ከዚህም የተነሣ ደቡብ በየምርጫው ለዴሞክራት ወገን ብቻ ድምፁን የሚሰጥ አገር ሆነ። አንድ ነጭ ሰው ለሪፐብሊካን ድምፁን ቢሰጥ አባቶቹን እንደ ካደ፥ የነጭንም የበላይነት ግንብ እንዳፈረሰ ይቈጠርበት ነበር። ነገሩ እንዲህ ሳለ በ1928 የዴሞክራት ወገን ለፕሬዚዳንትነት ካቶሊክ ሰው አቀረበ።

ሚስተር አልፍሬድ ስሚዝ በ1873 በኒውዮርክ ከተማ በድኾች ሰፈር ተወለዱ። አባታቸው በልጅነታቸው ስለ ሞቱባቸው ትምህርታቸውን ትተው በዓሣ ገበያ ሲሠሩ አደጉ። ኋላ ግን በችሎታቸው ከፍ ብለው የኒውዮርክ አገረ ገዥ ለመሆን አራት ጊዜ ተመረጡ። በ1924 ለፕሬዚዳንትነት ለመታጨት በሞከሩ ጊዜ የወገናቸው ጉባኤ በሁለት ተከፍሎ 103 ጊዜ ድምፅ ከተሰጠ በኋላ ሌላ ሰው ተመረጠ፤ በዚያ ዘመን ጥቁሮችን፥ አይሁድንና ካቶሊኮችን በአንድነት የሚጠላው ኩ ክሉክስ ክላን የሚባለው ማኅበር በጉባኤው ውስጥ ብዙ ደጋፊ ነበረው።

በሚያዝያ 1927 ቻርልስ ማርሻል የተባሉ የሕግ ሰው አትላንቲክ በሚባለው መጽሔት ላይ፥ ካቶሊክ ሰው ለሮማ ጳጳስ ከሚገባው መታዘዝ ጋራ የአሜሪካን ሕገ መንግሥት መጠበቅ ይችላልን ብለው በአደባባይ ጠየቁ። ሚስተር ስሚዝ በተከታዩ ወር በዚያው መጽሔት መልስ ሰጡ፤ ለሕገ መንግሥቱ የማሉትን መሐላ ከሃይማኖታቸው ጋራ የሚያጋጭ ነገር በዘመናቸው ሁሉ እንዳላገኙ፥ ቤተ ክርስቲያንና መንግሥት ተለይተው መኖራቸውንም በፍጹም እንደሚያምኑ አስረዱ። መልሱ በሊቃውንት ዘንድ ተመሰገነ፤ ከሊቃውንት ደጅ ወጥቶ ግን ሩቅ አልሄደም። በየመንደሩ የሚነዛው ወሬ ሌላ ነበር። ሚስተር ስሚዝ ከተመረጡ ጳጳሱ መጥተው በዋሽንግተን ይቀመጣሉ ተባለ፤ በ1927 በኒውዮርክ ከወንዙ በታች የተከፈተው የሆላንድ የምድር ውስጥ መንገድ እስከ ሮማ ሊዘልቅ ነው ተብሎ ተወራ። ወሬ እውነትን ሲያሸንፍ ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው፤ መልሱ በመጽሔት ሲጻፍ ወሬው በአፍ ይሄዳል።

ምርጫው በተፈጸመ ጊዜ የሪፐብሊካኑ ሚስተር ኸርበርት ሁቨር 444 ወኪል መራጮችን፥ ሚስተር ስሚዝ 87 ብቻ አገኙ። ስለ እውነት ለመናገር የሚስተር ስሚዝ መሸነፍ በሃይማኖታቸው ብቻ የመጣ አይደለም። በዚያ ዓመት የአገሩ ንግድ ስለ ለማ የገዥው ወገን ተመስግኖ ነበር፤ ሚስተር ስሚዝም የአልኮል መጠጥ ክልከላን መቃወማቸው ብዙ ሰው አስቀይሟል። ዳሩ ግን ከጦርነቱ ወዲህ ጸንቶ የኖረው ደቡብ በመካከሉ መሰንጠቁን ሌላ ነገር አያስረዳውም። ቪርጂኒያ፥ ሰሜን ካሮላይና፥ ቴነሲ፥ ፍሎሪዳና ቴክሳስ የአባቶቻቸውን ወገን ትተው ለሚስተር ሁቨር ድምፃቸውን ሰጡ።

ልብ የሚያደርግ ሰው እዚህ ላይ አንድ እንቆቅልሽ ያገኛል። ካቶሊኩን ተወዳዳሪ ሳይተዉ የቀሩት የደቡብ ክፍለ አገሮች ሚሲሲፒ፥ ደቡብ ካሮላይና፥ አላባማ፥ ጆርጂያ፥ ሉዊዚያናና አርካንሳስ ናቸው። እነዚህ ካቶሊክን የሚወዱ አገሮች ነበሩን? ሉዊዚያና ብዙ ካቶሊኮች ነበሯት፤ በቀሩት ግን ካቶሊክ እንደ ባዕድ የሚታይ ጥቂት ሕዝብ ነበር። ቪ. ኦ. ኪ የተባሉት የፖለቲካ ታሪክ ሊቅ በ1949 ስለ ደቡብ ፖለቲካ ባሳተሙት መጽሐፋቸው ነገሩን መርምረው፥ በ1928 ለዴሞክራት ወገን የጸናው ጥቁር ሕዝብ የበዛበት አውራጃ እንደ ሆነ፥ የካደውም ጥቁር ሕዝብ ያነሰበት አውራጃ እንደ ሆነ አሳዩ። በሚሲሲፒና በደቡብ ካሮላይና ከሕዝቡ እኩሌታ ያህሉ ጥቁር ነበር። በእንዲህ ያለ አገር የሚኖር ነጭ መራጭ ጳጳሱን ይፈራ ነበር፤ ነገር ግን ከጳጳሱ ይልቅ ጎረቤቱን ፈራ። የዴሞክራት ወገን ከተሰነጠቀ ጥቁሩ በስንጥቁ ይገባል ብሎ ስላሰበ፥ የሮማን ሰው መምረጥ ቀለለው።

በዚያ ዘመቻ የሆነ አንድ ነገር ይህን ይበልጥ ያስረዳል። የሚሲሲፒው አገረ ገዥ ቴዎዶር ቢልቦ፥ ሚስተር ሁቨር ወደ ሚሲሲፒ በመጡ ጊዜ ከአንዲት ጥቁር ሴት ጋራ ጨፍረዋል ብለው ተናገሩ። የሚስተር ሁቨርም ሰዎች ይህን በዘመቻው ሁሉ ከተነገረው የከፋ ስድብ አድርገው ቈጥረው በቍጣ አስተባበሉ። ቢልቦ ለካቶሊኩ ለሚስተር ስሚዝ የሚዘምቱ ሰው ነበሩ። አንዱ ወገን ነገሩን መክሰሻ፥ ሌላው ወገን ደግሞ ነውር አደረገው፤ ከጥቁር ሴት ጋራ መጨፈር ምን ነውር አለበት ብሎ የጠየቀ ግን ከሁለቱም ወገን አልተሰማም። አድልዎ ሥር መስደዱ የሚታወቀው ጠላቶች ሳይመካከሩ በእርሱ ሲስማሙ ነው።

ከዚያ በኋላ ባሉት በሠላሳ ሁለት ዓመታት የአገሩ መልክ ተለወጠ። ከ1910 ገደማ ጀምሮ እስከ 1970 ድረስ ስድስት ሚሊዮን ያህል ጥቁሮች ከደቡብ እየተነሡ ወደ ቺካጎ፥ ወደ ዲትሮይት፥ ወደ ፊላዴልፊያ፥ ወደ ኒውዮርክና ወደ ሌሎችም ከተሞች ፈለሱ። በደቡብ ድምፁን የተነጠቀው ሰው ባቡር ተሳፍሮ በሰሜን በወረደ ጊዜ መራጭ ሆነ። እነዚህ ከተሞች ደግሞ ብዙ ወኪል መራጮች ባሏቸው ክፍለ አገሮች ውስጥ ስለሚገኙ፥ የጥቁሩ ድምፅ ፕሬዚዳንትን ሊያነሣና ሊጥል የሚችል ሆነ። ከ1936 ምርጫ ጀምሮ ከእነርሱ የሚበዙት ከሊንከን ወገን ወጥተው ወደ ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት ወገን ገቡ። በ1948 ደግሞ ፕሬዚዳንት ትሩማን ለጥቁሮች መብት ስለ ቆሙ አራት የደቡብ ክፍለ አገሮች ከወገኑ ተለይተው 38 ወኪል መራጮችን ለስትሮም ቴርሞንድ ሰጡ።

የሆነ ሆኖ ጥቁሩ ሕዝብ በሙሉ ወደ አንድ ወገን አልሄደም። በ1956 ሪፐብሊካኑ ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ከጥቁር መራጮች ከሲሶው የሚበልጠውን አግኝተው ነበር። በዚያ ዓመት ከደገፏቸው ሰዎች አንዱ በኒውዮርክ በሃርለም የሚገኘው የአቢሲኒያ ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ሰባኪና የምክር ቤት እንደራሴ አዳም ክሌይተን ፓውል ናቸው። ይህ ቤተ ክርስቲያን በ1808 ሲቋቋም ስሙን ከአገራችን ስም የወሰደ ነው፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም በ1954 አሜሪካን በጐበኙ ጊዜ ሄደው መስቀል ሰጥተውታል። በደቡብም ብዙ የጥቁር ቤተ ክርስቲያን አገልጋዮች ባርነትን ያጠፋው የሊንከን ወገን ነው ሲሉ በአሮጌው መንገድ ጸንተው ነበር። ከእነዚህ አንዱ በአትላንታ የኤቤኔዘር ቤተ ክርስቲያን መጋቢ የነበሩት ትልቁ ማርቲን ሉተር ኪንግ ናቸው።

ትልቁ ኪንግ በ1899 በጆርጂያ ገጠር ከድኻ ገበሬ ቤት ተወለዱ። በሰው መሬት የሚያርሱት አባታቸው ሲበደሉ እያዩ አደጉ፤ በ1930ዎቹ ዓመታትም ጥቁሮች በመራጭነት እንዲመዘገቡ በአትላንታ ሰልፍ መርተዋል። የዘር አድልዎን በሥጋቸውና በነፍሳቸው ያወቁ ሰው ናቸው። እኚህ ሰው ግን በ1960 የዴሞክራት ወገን ሴናተር ጆን ኬኔዲን ባቀረበ ጊዜ ድምፃቸውን ለሪፐብሊካኑ ለሚስተር ሪቻርድ ኒክሰን ለመስጠት ቈረጡ፤ ከምክንያቶቻቸውም አንዱ ሚስተር ኬኔዲ ካቶሊክ መሆናቸው ነበር። የተገፋ ሰው ሌላውን አይገፋም ብሎ የሚያስብ ካለ ከዚህ ይማራል።

የሃይማኖቱ ጥርጥር በዚያ ዓመትም አልሞተም ነበር። በመስከረም መጀመሪያ ስመ ጥር የሆኑ የፕሮቴስታንት ሰባኪዎች በዋሽንግተን ተሰብስበው፥ ካቶሊክ ፕሬዚዳንት ከቤተ ክርስቲያኑ ጫና ነጻ ሊሆን አይችልም የሚል መግለጫ አወጡ። ሚስተር ኬኔዲ በመስከረም 12 ቀን 1960 በቴክሳስ በሂውስተን ከተማ በፕሮቴስታንት ሰባኪዎች ጉባኤ ፊት ቀርበው መልስ ሰጡ። በአሜሪካ ቤተ ክርስቲያንና መንግሥት ፈጽመው የተለያዩ መሆናቸውን እንደሚያምኑ፥ በመንግሥት ጕዳይ ከማናቸውም የሃይማኖት አለቃ ትእዛዝ እንደማይቀበሉ ተናገሩ። እርሳቸው በፓሲፊክ ባሕር ሲዋጉ፥ ወንድማቸውም በአውሮፓ ጦርነት ሲሞት፥ ታማኝነታችሁ ለሁለት የተከፈለ ነው ያላቸው ሰው እንዳልነበረም አስታወሱ። ንግግሩ በቴሌቪዥን ታየ፤ ሚስተር ስሚዝ በመጽሔት የመለሱት መልስ ያልደረሰበት ቤት ሁሉ ይህኛው ደረሰ።

ከምርጫው ሦስት ሳምንት አስቀድሞ፥ በጥቅምት 19 ቀን፥ ወጣቱ ዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ ከተማሪዎች ጋራ በአትላንታ በአንድ ትልቅ መደብር ምግብ ቤት ገብተው ጥቁርን አናስተናግድም መባሉን በመቃወማቸው ታሰሩ። ተማሪዎቹ ሲፈቱ እርሳቸው ግን ቀሩ። ከጥቂት ወራት በፊት በአላባማ የመንጃ ፈቃድ በጆርጂያ መኪና ነድተዋል ተብለው 25 ዶላር ተቀጥተው የገደብ ፍርድ ነበረባቸውና፥ ዳኛው ያን ምክንያት አድርጎ አራት ወር ከከባድ ሥራ ጋራ እንዲታሰሩ ፈረደ። ሌሊት በሰንሰለት ታስረው ወደ ሩቅ ወህኒ ቤት ተወሰዱ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ኮሬታ ነፍሰ ጡር ነበሩ፤ ባሌ በሕይወት አይመለስም ብለውም ተጨነቁ።

ሁለቱም ተወዳዳሪዎች ከባድ ሒሳብ ገጠማቸው። ስለ ኪንግ የሚናገር የደቡብን ነጮች ያስቀይማል፤ ዝም የሚል የሰሜንን ጥቁሮች ያጣል። ሚስተር ኒክሰን በ1957 በጋና የነጻነት በዓል ከዶክተር ኪንግ ጋራ ተገናኝተው ወዳጅነት ነበራቸው፤ ነገር ግን በአደባባይ ዝም አሉ። ሚስተር ኬኔዲ በጥቅምት 26 ቀን ከቺካጎ በስልክ ወይዘሮ ኮሬታን አነጋግረው አጽናኗቸው። ንግግሩ ከጥቂት ደቂቃ አያልፍም ነበር። የዘመቻው መሪ ወንድማቸው ሮበርት ኬኔዲ ሳይማከሩ ስለ ተደረገ፥ ደቡብ ይጠፋብናል ብለው በመካሪዎቹ ላይ ተቈጡ፤ ኋላ ግን ራሳቸው ወደ ዳኛው ደውለው ስለ እስረኛው ተናገሩ። በማግሥቱ ዶክተር ኪንግ በዋስ ተፈቱ።

በዚያን ጊዜ ትልቁ ኪንግ በሕዝብ ፊት ቆመው፥ ሚስተር ኬኔዲን በሃይማኖታቸው ምክንያት ሊቃወሟቸው አስበው እንደ ነበረ ሳይሸሽጉ ተናገሩ፤ አሁን ግን የምራቴን እንባ አብሷልና አንድ ሻንጣ ሙሉ ድምፅ ይዤ በጭኑ ላይ እዘረግፍለታለሁ አሉ። ሚስተር ኬኔዲ ይህን በሰሙ ጊዜ፥ የማርቲን ሉተር ኪንግ አባት እንዲህ ያለ ጥላቻ ያለው ሰው ይሆናል ብሎ ማን ያስብ ነበር ብለው ለመካሪያቸው ለሃሪስ ዎፎርድ ተናገሩ፤ ጥቂትም አስበው፥ መቼም ሁላችንም አባት አለን ብለው ጨመሩ ይባላል። የእርሳቸውም አባት በአይሁድ ላይ በተናገሩት ቃል ይታሙ ነበርና፥ ነገሩ ሌላውን ለመንቀፍ ብቻ የተነገረ አልነበረም።

የኬኔዲ ሰዎች ይህን ታሪክ በሰማያዊ ወረቀት በትንሽ ጽሑፍ አሳትመው፥ ከምርጫው በፊት በነበረው እሑድ በጥቁሮች አብያተ ክርስቲያናት ደጅ ሁለት ሚሊዮን ያህል አደሉ። የነጮቹ ጋዜጦች ግን ነገሩን ብዙም አላጐሉትም። ኅዳር 8 ቀን ድምፅ ተሰጠ። ከ68 ሚሊዮን በላይ ከሆነው ድምፅ ሁለቱን ሰዎች የለያቸው 120 ሺሕ የማይሞላ ነው፤ በኢሊኖይ ክፍለ አገር ልዩነቱ 9 ሺሕ እንኳ አልሞላም። ሚስተር ኬኔዲ በ303 ወኪል መራጮች፥ ሚስተር ኒክሰን በ219 ተቈጠሩ። የቀሩት 15 ከሚሲሲፒ፥ ከአላባማና ከኦክላሆማ ሆነው፥ ለመብቱ ሕግ ጠላት ለነበሩት ለሴናተር ሃሪ ቢርድ ተሰጡ። በልዩነቱ ማነስ ምክንያት ብዙዎች የታሪክ ጸሐፊዎች የጥቁሮቹ ድምፅ ባይጨመር ኖሮ ሚስተር ኬኔዲ አያሸንፉም ነበር ይላሉ።

ሃይማኖት ግን ምን ያህል ጐዳቸው? የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት በተከታዩ ዓመት ባወጡት ምርመራ፥ ሚስተር ኬኔዲ በካቶሊክነታቸው ያገኙት ድምፅ ካጡት ድምፅ ሲቀነስ፥ በጠቅላላው ከመቶ 2.2 ያህል እንደ ጐደለባቸው ገመቱ። የበዛውም ጉዳት በደቡብ ነበር። በሌላው ወገን ከካቶሊክ መራጮች ከአምስቱ አራቱ ያህል እርሳቸውን መርጠዋል። እንግዲህ አድልዎ የሚባለው ባዕድን መጥላት ብቻ አይደለም፤ የራስን ሰው ያለ ምርመራ መውደድም ከዚያው ምንጭ ይቀዳል።

ከዚያ በኋላ የሁለቱ አድልዎች መንገድ ተለያየ። የሃይማኖቱ እየደከመ ሄደ። በ2020 ሁለተኛው ካቶሊክ ፕሬዚዳንት ሚስተር ጆ ባይደን ሲመረጡ፥ ጳጳሱ ወደ ዋሽንግተን ይመጣሉ ብሎ የፈራ አልተሰማም። የዘሩ ግን መልኩን ለውጦ ኖረ። በ1964 ፕሬዚዳንት ጆንሰን የመብቱን ሕግ በፈረሙ በጥቂት ወር ውስጥ ሚሲሲፒ ከመቶ 87 ድምፅዋን ሕጉን ለተቃወሙት ለሪፐብሊካኑ ለሚስተር ባሪ ጎልድዋተር ሰጠች፤ በሃይማኖት ጥርጥር እንኳ ያልተወችውን ወገን በዘር ምክንያት ተወች። በ1965 በወጣው የምርጫ መብት ሕግ የማንበብ ፈተናው በቀረ ጊዜ፥ በሚሲሲፒ ከመቶ 7 የማይሞላው የጥቁር መራጮች ምዝገባ በሁለት ዓመት ውስጥ ወደ 60 ያህል ወጣ። ይህም ለብዙ ዘመን ሰዎቹ መምረጥ አልፈለጉም ሲባል የኖረው ሐሰት መሆኑን አጋለጠ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2013 ከዚህ ሕግ ዋና ከሚባሉት ክፍሎች አንዱን ሽሯል።

በ2008 አባታቸው የኬንያ ሰው የሆኑት ሚስተር ባራክ ኦባማ በ365 ወኪል መራጮች ተመርጠው የመጀመሪያው ጥቁር ፕሬዚዳንት ሆኑ። ከምርጫ ጣቢያ የሚወጡት ሰዎች በሰጡት ቃል መሠረት ከጥቁር መራጮች ከመቶ 95፥ ከነጮች ከመቶ 43 እርሳቸውን መርጠዋል። ይህ ልዩነት ሁሉ ከጥላቻ የመጣ አይደለም፤ ከ1964 በኋላ እስከ 2024 ድረስ ከነጭ መራጮች የሚበዙትን ያገኘ የዴሞክራት ተወዳዳሪ የለምና፥ ነጭ ዕጩም ቢሆን ብዙ ልዩነት አልታየም። ዳሩ ግን ሚስተር ኦባማ በስውር እስላም ናቸው፥ በአሜሪካም አልተወለዱም የሚለው ወሬ ዓመታት ቈይቶ፥ በ2011 የልደታቸውን ሙሉ ምስክር ወረቀት እስከ ማውጣት አደረሳቸው። የሚስተር ስሚዝ ዘመን የምድር ውስጥ መንገድ ወሬ በሌላ ልብስ ተመለሰ፤ በዚህ ጊዜም የሃይማኖቱና የዘሩ ፍርሃት በአንድ ቃል ተጣምረው መጡ።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር በግልጥ ይታያል። ሰው ስለ አድልዎ የሚናገረው ቃል ሚዛን አይሆንም፤ ሁለት ፍርሃቶች በአንድ ቀን በገጠሙት ጊዜ የትኛውን እንደሚሠዋ ማየት ግን እውነተኛ ሚዛን ነው። በ1928 የሚሲሲፒ ነጭ መራጭ ጥቁሩን ለመግታት ሲል ካቶሊኩን ታገሠ፤ በ1960 ትልቁ ኪንግ የልጃቸውን ሰንሰለት ባዩ ጊዜ ስለ ሮማ የነበራቸውን ጥርጥር ጣሉ። ሁለቱም ካቶሊክን መረጡ፤ ነገር ግን አንዱ የመረጠው ከፍርሃት ወደሚበልጥ ፍርሃት ሸሽቶ ነው፤ ሌላው ግን ከፍርሃት ወጥቶ ነው። የምርጫው ቈጣሪ ይህን አይለይም፤ ሁለቱንም ወረቀቶች እኩል ይቈጥራቸዋል።

ሁለተኛውም ነገር፥ ትልቁ ኪንግን የለወጣቸው የሂውስተኑ ንግግር አለመሆኑ ነው። ንግግሩ ያማረ ነበር፤ እርሳቸው ግን ከእርሱ በኋላም በሐሳባቸው ጸንተው ቈይተዋል። የለወጣቸው የተጨነቀች ምራታቸውን አንድ ባዕድ ሰው በስልክ ማጽናናቱ ነው። ሕግ የአድልዎን እጅ ሊያስር ይችላል፤ ያለ ሕግም የሉዊዚያናው መዝገብ እንደ ባዶ ይቀር ነበር። ልብ ግን የሚፈታው የሚፈራው ሰው ቸርነት በደጁ ሲደርስ ነው። ሚስተር ስሚዝ በ1944 ስለ ሞቱ ይህን ሳያዩ ቀሩ።